በመቀስ የተከረከመው ዲስክ

የምወድህ ወንድሜ አብዱልናስር፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ለጤናህ እንዴት ነህ? የአሰብ ሙቀትስ እንዴት አድርጎሃል? ዘሙሩድ የወገቧ ሕመም ተሻላት? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ እማማ ስምህን ሳታነሳ የምትውልበት ቀን ግን የለም።

አለቃችን ጓድ ፍሥሐ ያደረገውን ካልነገርኩህ ያንቀኛል። በድርቁ ጊዜ በየመጠለያው ከወላጆቻቸው የተለዩትን ሕፃናት ስም በአሮጌው ኮምፒዩተር እመዘግብ እንደነበር ታውቃለህ። ወረቀቱን የጉርድ ሾላው መጋዘን ጣራ እያፈሰሰ አበሰበሰው፤ የተረፉት ስሞቹን የያዙ፣ እንደ ሳህን የሰፉ ስድስት ስስ ዲስኮች ብቻ ናቸው። ዘንድሮ አዲስ ኮምፒዩተር ሲመጣ ጓድ ፍሥሐ አሮጌውን ኮምፒዩተር መጋዘን ውስጥ አስጣለው። የአዲሱ ማስገቢያ ለትንንሽ ዲስክ ብቻ የተሠራ መሆኑን ልብ ብሎ አላየም።

ባለፈው ወር ዲንቄ የምትባል እናት ልጇን ፍለጋ ከሐረርጌ መጣች። ዲስኮቹ አዲሱ ማሽን ውስጥ እንደማይገቡ ለጓድ ፍሥሐ ነገርኩት። ይህ ሦስት ወር ውጭ አገር ተምሬ መጣሁ እያለ የሚንጠባረር ሰው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? መቀስ አነሳና የአንዱን ዲስክ ዳር ዳር ከርክሞ ከተተው! ማሽኑ ሲንቋቋ ወደ እኔ ዞሮ፣ ‹‹ይሄ አሻጥር ነው፤ ሆን ብለሽ ነው ያበላሸሽው!›› አለኝ። ይህ ቃል እስር ቤት እንደሚያስገባ ታውቃለህ። ከመፍራቴ ይልቅ ግን ናቅሁት።

የጥገና ሠራተኛው ፉፋ አሮጌውን ማሽን ከመጋዘን አወጣልኝ። ዲስኩን የሚያዞረው ቀበቶ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ከአንድ ልብስ ሰፊ የስፌት መኪና ቀበቶ ለምኖ፣ አሳጥሮ ገጠመለት። ሁለቱን ማሽኖች በሽቦ አገናኘን፤ አሮጌው እያነበበ ለአዲሱ አቀበለው። በአራተኛው ቀን አምስቱ ዲስኮች አለቁ። የዲንቄ ልጅ ስም ከአንዱ ወጣ፤ ልጅቷም ሻሸመኔ አንድ ቤተሰብ ዘንድ ሆና ተገኘች፤ እናቲቱም ሄዳ አቅፋታለች።

የተከረከመው ዲስክ ግን ሳይነበብ ቀረ፤ የያዛቸው ስሞች ጠፉ። ‹‹114 ልጆች›› ብዬ ሽፋኑ ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጓድ ፍሥሐ፣ ‹‹ሁሉም ተነቧል ብለሽ ሪፖርት አድርጊ›› ሲለኝ እምቢ አልኩ። በአንድ ጣቱ ፊደል ሲፈልግ ውሎ ራሱ ጻፈው፤ በስብሰባም ተጨበጨበለት። እኔም እውነቱን ጽፌ፣ ፈርሜ፣ ለዋናው መሥሪያ ቤት ላክሁ። ይህን የምጽፍልህ ቢያባርሩኝ ከሰው አፍ እንዳትሰማ ብዬ ነው። ከእነዚያ ልጆች የአንዱ እናት መጥታ ብትጠይቀኝ ግን መቀሱን የያዘው ማን እንደነበር እነግራታለሁ።

አባባ፣ እማማና ሰብሪያ በጣም ሰላም ይሉሃል። ዘሙሩድን ሰላም በልልኝ፤ ጀማለዲንንና ትንሹን ሳልህን ጉንጫቸውን ሳምልኝ።

እህትህ መብሩካ
ሲግናል፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 12 ቀን 1982 ዓ.ም.