ለኋላ መስመር የተጸለየ ጸሎት

ሰኞ፣ የካቲት 3። ጠዋት 2 ሰዓት።

ልምምድ አለቀ። ከወዲሁ ሙቀቱ አናት ይበሳል። እሑድ ለግጥሚያ የመቲ ቡድን ልጆች ይመጣሉ፤ ዳገት ላይ ያደጉ፣ ሜዳ ሲያገኙ የሚበሩ። ያለፈውን ሽንፈት መቼም አትረሳውም፣ ማስታወሻዬ። ጎሎቹ በሙሉ ከተከላካዮቻችን ጀርባ። የእኛዎቹ ዞረው እስኪነሱ አጥቂው አግብቶ፣ ጨፍሮ፣ ውኃ ጠጥቷል።

አሠልጣኙ ምን ይሻላል አለኝ። ረዳቱ ነኝ፤ ልጆቹ መምህር ይሉኛል። ሥራዬ ኳስ መንፋትና አስተያየት መስጠት፤ ሁለቱም በአየር የሚሠሩ። ከኋላ ፍጥነት የለንም አልኩት። ማን? አለ። ሁሉም፣ አልኩ። ፈሪ ስም አይጠራም።

ኦሞድን ማለቴ ነበር። አምበላችንን፣ የመሃል ተከላካዩን፣ በቤተ ክርስቲያን መዘምራን መካከል አጠገቤ የሚቆመውን። ልጄ በወባ የወደቀች ዕለት ተሸክሟት ሆስፒታል የሮጠው እሱ ነው። ያን ቀን ፈጣን ነበር።

ረቡዕ፣ የካቲት 5። ከሰዓት።

አፌን ምነው በቆረጠው።

ከልምምድ በኋላ እንደ ልማዳችን ክብ ሠርተን ጸሎት። ተራው የኔ። እኔ በአማርኛ፤ ከጎግ ወረዳ ለመጡት፣ አማርኛ ለማይሰሙት ልጆች ደግሞ ኦሞድ ወደ አኝዋክኛ ይመልሳል፣ እንደ ሁልጊዜው። ስለ ጤና ጸለይኩ፣ ስለ ሰላም። ከዚያ፣ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ለኋላ መስመራችን ፍጥነት ስጠን አልኩ። በአምላክ ፊት፣ ዓይኔን ጨፍኜ።

ኦሞድ ቀጥሎ መለሰው። ከኔ ይልቅ ረዘመ። አሜን ሲባል ከሁሉም የሱ ድምፅ ይጎላል።

ኋላ አንዱን የጎግ ልጅ ምን ጨመረበት ብዬ ጠየቅሁ። መሬት መሬት እያየ ነገረኝ፦ ለኦሞድ ስጠው፤ ካልሰጠኸው ግን በሱ ቦታ ሌላ ሰው አምጣ።

የኔን ፍርሃት እሱ ተረጎመው።

ዓርብ፣ የካቲት 7። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል።

ባሮ ወንዝ ዳር። ኦሞድ ብቻውን ይሮጣል፣ አሸዋው ላይ። ልብስ የሚያጥቡት ልጆች ይስቁበታል።

«አንተ ሽማግሌ፣ ማን ነው የሚያባርርህ?»

«ጸሎት!» አላቸው ሳይቆም።

ማንጎ ዛፍ ጀርባ ተደበቅሁ። ዛፉ ቀጭን ነው። እጁን አንሥቶ ሰላም ብሎኝ አለፈ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8። ከሰዓት 10 ሰዓት።

የመዝሙር ልምምድ። ኦሞድ ያነክሳል። ጭኑን ይይዛል፣ ይለቃል። ቆሞ መዘመር እንኳ ጨንቆታል። በር ላይ ያዝኩት።

«መምህር፣ ለኮች አትንገር። ነገ እኔ እገባለሁ። ትንሽ ነው ያመመኝ።»

«ትንሽ አይመስልም።»

«አንተ ጸልየሃል አይደል?» ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ዝም ብል፣ ነገ በከተማው ሁሉ ፊት የሚያፍረው እሱ። እግሩም ላይድን ይችላል። ብናገር፣ ሰኞ ከቦታው መግፋት የጀመርኩትን ሰው ገፍቼ ጨረስኩ። ከሁለቱ ንጹሕ ሆኜ የምወጣበት የለም። ደግሞ ይህንንም ስለ ራሴ እያሰብኩ መሆኔን ልብ በልልኝ።

11 ሰዓት።

አሠልጣኙ ደወለ። አሰላለፍ ይፈልጋል፤ የነገውንም ጸሎት አንተ ምራ ይላል። ጥቂት ታገሠኝ አልኩት።

መጀመሪያ ኦሞድ ቤት። ፍጥነት የለንም ስል አንተን ማለቴ ነበር እለዋለሁ። ነገም አትገባም፣ ለኮችም የምናገረው እኔ ነኝ። በአማርኛ፣ ዓይኔን ገልጬ፣ ስሙን ጠርቼ። አስተርጓሚ አያስፈልገንም።

ጫማዬን አድርጌያለሁ።