ለቀጥቃጭ ቤት የታጨሁበት ሳምንት

ሰኞ፣ ጥር ፲፭

አባቴ እሺ አሉ። ጓዳ ሆኜ በጆሮዬ ሰማኋቸው። ሁለቱን ቤት ሊያዛምዱ የመጡት የአገር ሽማግሌዎች ተነሥተው ጉልበታቸውን ሲስሙ እናቴ የያዘችው ብርሌ ከእጇ ወድቆ ተሰበረ።

ሰጪው ግራዝማች አባቴ፣ ተቀባዩ ቀጥቃጩ ደስታ። ሙሽራው ልጁ ታየ። ሙሽሪት እኔ። የፊታችን ሰኞ የነነዌ ጾም ስለሚገባ ሰርጉ እሑድ ይሁን ተባለ።

አጥንት እንኳ አልተቆጠረም! የእኛ ቤት ሰው ሲያገባ እገሌ የእገሌ ልጅ እየተባለ እስከ ሰባት ቤት ሲቆጠር ግማሽ ቀን ይፈጃል። ዛሬ አንዱ ሽማግሌ ሊጀምር ጉሮሮውን ቢጠርግ አባቴ «እሱስ ይለፈን» አሉት።

ታየን አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ፣ የአርበኛውን ወንድሜን ጠመንጃ ጠግኖ ያመጣ ዕለት። ረጅም ነው። እጁ ላይ የእሳት ጠባሳ አለ። ቀና ብሎ አላየኝም። ሌላ የማውቀው የለም፣ ሰው ስለ ቀጥቃጭ ከሚያወራው በቀር። ቡዳ ናቸው ይባላል፤ ዓይናቸው ሰው ይበላል ይባላል። ልጆች ሳለን በደጃቸው ስናልፍ አፋችንን በነጠላ እንሸፍን ነበር። አሁን በዚያው ደጅ ልገባ ነው።

ማክሰኞ፣ ኪዳነ ምሕረት

ምክንያቱን ስፈልግ ዋልኩ። አባቴ ፈርተው ይሆን? የሚፈሩ ሰው አይደሉም። ድኽነት? ጣልያን ከብቱን ነድቶታል፣ ርስቱ ግን የት ይሄዳል። ወይስ ነውሩ ከእኔ ነው? ሃያ ሊሞላኝ ነው፤ ቆማ ቀረች ብለው ይሆናል። ይቺ ሐሳብ ስትመጣብኝ የያዝኩትን ሰፌድ ወረወርኩት።

እናቴ አባቴን አኩርፋለች። ከድስቱ ጋር ነው የምታወራው። «የቀኛዝማቹ ልጅ ደጅ እየጠና፣ ለቀጥቃጭ!» ትለዋለች፣ በማማሰያ እየመታችው።

የቀኛዝማቹ ልጅ ሌላው ጠያቂ ነው። በዘር ከእኛ አያንስም። አባቱ ግን ለጣልያን ገብቶ፣ ሞላሌ፣ ከጣልያኖቹ ምሽግ አጠገብ ቤት ሠርቶ ተቀምጧል። የእነሱ ሽማግሌዎች ቅዳሜ መልስ ሊሰሙ ይመጣሉ።

ረቡዕ፣ ጥር ፲፯

ጠየቅኋቸው! በረቱ አጠገብ ብቻቸውን አገኘኋቸውና፣ «ምን አጥፍቼ ነው?» አልኳቸው። በጥፊ ይሉኛል ብዬ ነበር። ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«የቀኛዝማቹን ልጅ እንዲያው እምቢ ብል ምሽጉ ያስጠራኛል። እሺ ብል ደግሞ ወንድምሽን ወንጪት ቆላ ድረስ የሚያሳድደው የገዛ አማቼ ነው። ቀድሜ ለሌላ ሰጥቻለሁ ብል ግን ማን ምን ይለኛል?»

«ታዲያ ሌላው ቀጥቃጭ መሆን አለበት?»

«ደስታን ጣልያን ደመወዝ ልቁረጥልህ ና እያለው ነው። እሱ ከሄደ ቆላ ያለው ጠመንጃ ሁሉ ዱላ ነው፤ የወንድምሽም ጭምር። ልጄን የሰጠሁት ሰው ግን ጥሎኝ አይሄድም።»

አባቴ አላበዱም ማለት ነው። በእኔ አንዱን በር ይዘጋሉ፣ በእኔው ሌላውን ሰው ያስራሉ። ተናደድኩ፣ አለቀስኩም። እውነቱን ልጻፍ ካልኩ ትንሽ ኩራትም ተሰማኝ፤ ወንድሜ ተኩሶ የሚሠራውን እኔ ተድሬ ልሠራው ነው። ከዚያ ደግሞ እንደገና ተናደድኩ። እሱን እኮ ሂድ ያለው የለም፣ ወድዶ ነው የሄደው።

ሐሙስ፣ ጥር ፲፰

ጉድ ፈላ። እኛ ሰጥተን የጨረስን መስሎናል፤ ለካ ደስታ ገና አልተቀበለም!

ሁለት ነገር ካልሆነልኝ ሰርጉ ይቅር ብሎ ላከ። የግራዝማች ሚስት ቤቱ መጥታ ከሚስቱ መሶብ ትቅመስ። ልጅቱም በአፏ እሺ ትበል። ሽማግሌው ቃሉን እንዳለ ነገሩን፦ «ልጅቱ ተገዳ ከገባች፣ ራሷን ባመማት ቁጥር በላችኋት እንባላለን። ሆዷን ቢቆርጣት ቤቴ ይቃጠላል። በዚህ ጋብቻ የሚፈራ ሰው ቢኖር እኔ ነኝ፣ እሳቸው አይደሉም።»

አፈርኩ። ሳምንቱን ሙሉ ስለ ራሴ ስነጫነጭ፣ እነሱም እኔን ይፈሩኛል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። «እናቴ ከበላች እሺ» አልኩ። ከየት እንደመጣልኝ እንጃ።

እናቴ ወዲያው «ነገውኑ እሄዳለሁ» አለች። አባቴ ደስ አላቸው። እኔ ግን እናቴን አውቃታለሁ። ነገ ዓርብ ነው፤ ጾም ነኝ ብላ ሳትቀምስ ልትመለስ ነው።

ዓርብ፣ ገብርኤል

ረፋዱ ላይ ሄደች። እስክትመጣ አንድ ቦታ መቀመጥ አቃተኝ። ካልበላች ደስታ አይቀበልም፣ የቀኛዝማቹ ሽማግሌዎች ነገ ይመጣሉ፣ አባቴም የሚመልሱት የላቸውም። ሰኞ የረገምኩት ሰርግ እንዲሆንልኝ ዛሬ ገብርኤልን ስለምን ዋልኩ።

ጀምበር ስታዘቀዝቅ መጣች። ነጠላዋን አጣጥፋ አስቀመጠች። በመጨረሻ ራሷ ጀመረችው።

ጾም ነኝ ስትላቸው የደስታ ሚስት፣ «እኔም ጾም ነኝ እመቤቴ፤ እንግዲያው ዘጠኝ ሰዓት እስኪሆን አብረን እንቆያለና» አሉና እንዝርትና ባዘቶ ሰጧት። ሁለቱም ሲፈትሉ ዋሉ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሽሮ ቀረበ።

«ታዲያ ምን ልበላት? አብራኝ ጦሟን ስትፈትል የዋለች ሴት!» አለች እናቴ። በልታለች። «ሽሮዋም ከእኔ ይበልጣል» ስትል የተቆጣች ትመስል ነበር። በዚህ ሳምንት ገና ዛሬ ሳቅሁ።

ቅዳሜ፣ ጥር ፳

ጠዋት እናቴን ጓዳ ውስጥ ሆዷን ይዛ አገኘኋት። ላብ አጥምቋታል። ቁርጠቷ የቆየ ነው፣ እኔ ሳልወለድም ያማት ነበር። ግን ዛሬ ይህን ማን ያምናል? ትናንት ከማን መሶብ እንደበላች አገር ያውቃል። አባቴን ልጠራ ብነሣ ቀሚሴን ይዛ አስቀመጠችኝ።

«ትንፍሽ እንዳትይ።»

ከዚያ ተነሣች። ፊቷን ታጠበች፣ የክት ቀሚሷን ለበሰች። የቀኛዝማቹ ሽማግሌዎች ሲመጡ ጠላውን ራሷ ቀዳችላቸው። አባቴ ልጄን ሰጥቻለሁ አሉ። አንደኛው ሽማግሌ ፈገግ ብሎ ወደ እናቴ ዞረ፤ «እመቤቴ፣ ትናንት እነዚያ ቤት በልተዋል አሉ። ለመሆኑ ደህና አደሩ?»

ከበሩ ኋላ ሆኜ አያታለሁ። የእንስራውን ጆሮ ጨምቃ ይዛለች።

«እንደ ዛሬ ሌሊት ተኝቼም አላውቅ» አለች።

ሰዎቹ ፊታቸውን አጥቁረው ሄዱ። እናቴ ጓዳ ገብታ ቁርበቱ ላይ ተጠቀለለች። ሆዷን በቅቤ እያሸሁላት ነው የዋልኩት። አንድም ጊዜ አላቃሰተችም። አሁን ትንሽ ሻል ብሏት ተኝታለች።

ነገ ሙሽራ ነኝ። እፈራለሁ። ከእንግዲህ እኔም ሲያመኝ እንዲህ አድርጌ ልደብቅ ነው። ታየ ግን ቢያውቅብኝ ደስ ይለኛል።