«የአሜሪካ ኬሚስትሪ ሌላ ነው» ላሉን ሰብሳቢ

ለተከበሩ አቶ ኤርሚያስ
የማኅበራችን የትምህርት ኮሚቴ ሰብሳቢ
ዶራቪል፣ አሜሪካ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰነበተ እላለሁ። ባለፈው ወር በዚያ ቅዳሜ አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ቆመው የመክፈቻ ንግግር ካደረጉ በኋላ ወገብዎን ይዘው ሲቀመጡ አይቼ ነበርና፣ አሁን ተሽሎዎት ከሆነ ደስታዬ ወሰን የለውም። እኔ ፋናዬ እባላለሁ። ያስታውሱኝ እንደሆነ፣ በዚያን ዕለት ሽርጥ ታጥቄ ኮሪደሩ ላይ ሩዝና ዶሮ ሳወጣ የነበርኩት ነኝ።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፍልዎት፣ ኮሚቴው «ለሁለተኛ ደረጃ የኬሚስትሪ ፈተና ውጤታማ ዝግጅት» ብሎ ላሰናዳልን ፕሮግራም ምስጋናዬን በዝርዝር ለማቅረብ ነው።

፩ኛ/ ስለ ምዝገባው። ቅጹ «ወላጅ በምን ሊረዳን ይችላል?» ብሎ ቢጠይቀኝ፣ «ደብረ ብርሃን አሥራ አንድ ዓመት ኬሚስትሪ አስተምሬአለሁ» ብዬ ሞላሁ። እርስዎም ክብረት ይስጥልኝ፣ በማግስቱ ራስዎ ደወሉልኝና «እህቴ፣ እናመሰግናለን፤ ግን የአሜሪካ ኬሚስትሪ ሌላ ነው። አንቺ ምግቡን ብትይዢልን» አሉኝ። ኦክስጅን እዚህ ሲደርስ ዜግነት እንደሚቀይር እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበርና፣ ስላሳወቁኝ ባለውለታዬ ነዎት።

እውነቱን ልናገርና፣ ስልኩን ስዘጋ አምኜዎት ነበር። እዚህ አገር ከመጣሁ ስምንት ዓመቴ ነው፤ የምሠራው ፒችትሪ ኮርነርስ ከተማ፣ ዕቃ ማሸጊያ መጋዘን ውስጥ ነው። ልጄ ምኞት የኬሚስትሪ የቤት ሥራዋን ይዛ በመጣች ቁጥር «እንግሊዝኛዬ አያደርስም፤ ቲቸርሽን ጠይቂ» እያልኩ ስሸሻት ኖሬአለሁ።

፪ኛ/ ስለ ሰዓት አጠቃቀማችሁ። ፈተናው የሚቀጥለው ሐሙስ ነበር። ከእርስዎ ንግግር ቀጥሎ የክብር እንግዶች አንድ በአንድ ተዋወቁ። ከዚያ ከስማይርና ከተማ የመጡት የቤት ሽያጭ ባለሙያ «እንደ አሸናፊ ማሰብ» በሚል ርዕስ አርባ ደቂቃ ልጆቹን መከሩልን፤ አንዷ ተማሪም የባንክ ብድር ክሬዲቷን እንዴት እንደምታሳድግ በደንብ ተረድታ ወጣች። ለኬሚስትሪው የተረፈችውን ሃያ ደቂቃ ደግሞ ፕሮጀክተሩ አልበራም ብሎ በላት።

፫ኛ/ ስለ ኮሪደሩ። ለምሳ ሲለቀቁ ምኞት ሳህን እንኳ ሳታነሳ መጥታ ከውሃ ካርቶኖቹ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች። ካለፈው ፈተና ሃምሳ አራት ነበር ያመጣችው፤ ይህንንም ከወደቀች በሰመር፣ ትምህርት ሲዘጋ የምትገባበት የሆስፒታል ሥልጠና ይቀርባታል። «እማ፣ ምንም አልገባኝም፤ ሐሙስ ደግሞ ደረሰ» ብላ አለቀሰች።

ጓንቴን አወለቅኩ። የጠርሙስ ክዳኖች ከጠረጴዛው ላይ ሰብስቤ ወለሉ ላይ ዘረገፍኳቸው፤ ጥቁሩ ካርቦን፣ ነጩ ሃይድሮጅን፣ ቀዩ ኦክስጅን። «ሚቴን ሲቃጠል እንዲህ ነው። በግራም በቀኝም የየቀለሙ ክዳን ብዛት እኩል እስኪሆን ስንት ስንት እንደሚያስፈልግ ፈልጊ» አልኳት። መጀመሪያ ደብተሯ ላይ ስትጽፈው ተሳሳተች። ልታጠፋው ስትል «ተዪው፣ የት ጋ እንደሳትሽ አጠገቡ ጻፊ» አልኳት። በሦስተኛው ሲገባት፣ ደብተሯን ዘግታ ለጓደኛዋ ለሚካኤላ እንድታስረዳ አደረግኩ።

ሚካኤላ ክዳኖቹንና እኔን እያፈራረቀች አየችና «ቆይ፣ ላይክ፣ አንቺ ቲቸር ነሽ እንዴ?» አለችኝ። ከስምንት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ «አዎ» አልኩ። ጥቂት ቆይቶ አሥራ አንድ ልጆች ወለሉ ላይ ተቀምጠው ነበር።

እርስዎ ብቅ ብለው «ልጆች፣ ለፎቶ ትፈለጋላችሁ!» ሲሉ፣ ሚካኤላ ቀና እንኳ ሳትል «አንዴ ጠብቅ፣ ኦልሞስት ጨርሰናል» አለችዎት። «ይጠብቁ» ማለት ሲገባት «ጠብቅ» በማለቷ በእሷ ስም ይቅርታ እጠይቃለሁ። ስላስጠበቅንዎት ግን አልጠይቅም።

እስከ ረቡዕ ድረስ ከሥራ ስወጣ ልጆቹ እኛ ቤት ይሰበሰቡ ነበር። የቀድሞ ፈተናዎችን ሰዓት ይዘን ሠራን፤ የሳቱትን ብቻ መልሰን ሠራን። ረቡዕ ገና ጀምበር ሳትጠልቅ ደብተሩን አስዘግቼ «አሁን መተኛት ነው» አልኳቸው። የምኞት ውጤት ሰማንያ አንድ ሆነ። መኪና ውስጥ ስልኳን አሳየችኝና «እማ፣ እስከ ዛሬ ለምን አላስጠናሽኝም?» አለችኝ። «ፈርቼ» አልኳት። እጄን ያዘችኝ።

፬ኛ/ ስለ ሪፖርታችሁ። በማኅበሩ ገጽ ላይ «በኮሚቴው ብርቱ አመራር ልጆቻችን ድል አደረጉ» የሚለውን አነበብኩ። ከተመሰገኑት አሥራ አራት ሰዎች መካከል ስሜን «መስተንግዶ» በሚለው ሥር አገኘሁት። ዶሮው በእርግጥ ጥሩ ነበር፤ አልከፋኝም። ትንሽ ከፍቶኛል።

እንግዲህ ልመናዬ አንድ ብቻ ናት። ለግንቦቱ የማጠቃለያ ፈተና አዳራሹን ለሁለት ሰዓት፣ ማይክሮፎኑን ዘግተው ይስጡን። የሚያደርጉት ንግግር ካለ ኮሪደሩን በደስታ እንለቅልዎታለን።

ረጅም ዕድሜና አጭር መርሐ ግብር እየተመኘሁልዎት፣ ከማያልቅ አክብሮት ጋር፤

ፋናዬ
የኬሚስትሪ መምህርት

ተጨማሪ፦ ባለቤትዎ ወይዘሮ ዘነበወርቅ ነርሲንግ ሊማሩ ስለሆነ ኬሚስትሪ እንዳስጠናቸው ጠይቀውኝ ካለፈው እሑድ ጀምረናል፤ እጅግ ጎበዝ ናቸው። ይህን እዚህ ልጽፈው እንደሆነ አስቀድሜ ባስፈቅዳቸው፣ «ጻፊው፣ ግድ የለም፤ እሱ ደብዳቤ ሲደርሰው ከማዕረጉ ወዲያ አያነብም» ብለውኛል።