ያላነበብኩት ሁለተኛ ገጽ

ለታናሽ ወንድሜ፦

ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ ተሻለህ? ባለቤትህ ምራታችንስ ደህና ናት? ልጆቹስ በርትተዋል? የምራታችን እናትስ ዓይናቸው ከታከመ ወዲህ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ቻሉ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን አለሁ፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ባየ ቁጥር ያኮርፋል።

ይህን የምጽፍልህ በገዛ እጄ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ የላክህልኝን ደብዳቤ ጎረቤት ነበር የሚያነብልኝ፤ ገመናችንን ሰፈሩ ከእኔ ቀድሞ ይሰማው ነበር። የጎልማሶች ትምህርት ገብቼ ፊደል ከቆጠርኩ ግን ይኸው አራት ዓመቴ ነው። ዛሬ የምነግርህን ደግሞ ለሌላ ሰው አፍ አላምነውም።

የአባባን የእንጨት ሥራ ቤት ለሰፈሩ ወጣቶች መስጠቴን ባለፈው ጽፌልሃለሁ። አሥራ ሁለት ናቸው። አባባ ያሠለጠነው አናጢ ያስተምራቸዋል፤ ሁለት መላጊያና አንድ መጋዝ እየተቀባበሉ ወንበር ይሠራሉ። የማኅበራቸው ሊቀመንበር ሴት ልጅ ናት፤ ቀጭን ስለሆነችና ስለማትታጠፍ ምስማር ይሏታል።

እነዚህ ልጆች መንግሥት ለወጣቶች የሚሰጠውን በጀት ለማግኘት ሦስት ዓመት ተመላለሱ። የወጣቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ኃላፊውን ሰፈሩ «ነገ ኑ» ይለዋል፤ እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያስታውስ የለም። ዕቅድ አምጡ አላቸው፣ አመጡ። ማኅተም አስቀርጹ አላቸው፣ አስቀረጹ። በመጨረሻ፣ መሥሪያ ቦታ እንዳላችሁ ባለቤቷ ትፈርም አለ። የእኔ ፊርማ ብቻ ቀረ።

ደህናውን ቀሚሴን ለብሼ ሄድኩ። ልጆቹ ተከትለውኝ መጥተው ከሰልፉ ኋላ በሩ ላይ ቆሙ። ነገ ኑ ሦስት ገጽ ወረቀት ሰጠኝና «እማማ፣ ላንብብልዎት?» አለኝ። ዓይን አለኝ አልኩት። ጣቴን በመስመሩ ሥር እያስኬድኩ አንደኛውን ገጽ ጨረስኩ። ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው መሳል ጀመረ፤ ነገ ኑ ሰዓቱን አየ፤ ጸሐፊዋ አፏን በእጇ ሸፈነች። ከተሰለፉት አንዱ ጎረምሳ «እማማ እስኪጨርሱ እኛም ጡረታ እንወጣለን» ሲል ሁሉም ሳቁ። ፊቴ ጋለ። ሁለተኛውን ገጽ ከላይ እስከ ታች በዓይኔ ጠረግኩት እንጂ አንድ ቃል አላነበብኩም። ገለጥኩትና ሦስተኛው ላይ ስሜን ከነአባቴ ጻፍኩ። ልጆቹ አጨበጨቡልኝ። እኔ ጅሏ ደስ አለኝ።

በጀቱ መጣ። በአዳራሽ የሦስት ቀን ስብሰባ ተደረገበት፤ ነገ ኑ ስለ ሥራ ፈጠራ ንግግር አደረገ፤ ለልጆቹ ቲሸርትና ኮፍያ ታደለ። መጋዝ ግን አልመጣም። ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ሠራተኞች መጥተው የአባባን መሥሪያ ጠረጴዛ ዝናብ ላይ አወጡት፤ ቤቱን የጽሕፈት ቤቱ ዕቃ ማስቀመጫ አደረጉት። ምን ሲደረግ ብል ወረቀቱን አሳዩኝ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ቤቱ ለአሥራ አምስት ዓመት ለጽሕፈት ቤቱ ተላልፏል ይላል፤ ምን እንደሚሠራበት የሚወስነውም እሱ ነው ይላል። ጽሑፉ ጥርት ያለ ነው፤ የአንደኛ ክፍል ልጅ ያነበዋል።

ይህ ብቻ ቢሆን ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም ባልኩ። ምስማር መጥታ «እማማ፣ ይህን ገጽ አሳይተውዎት ነበር?» ስትለኝ፣ ኧረ በዓይኔም አላየሁት አልኳት። ዕድሜዬን ሁሉ መሃይም ስባል ኖሬ፣ ማንበብ ከተማርኩ በኋላ አላነበብኩም ማለት ከሞት ከበደኝ። ልጅቷ አመነችኝ። ጽሕፈት ቤቱ ደጃፍ ላይ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ ነገ ኑን አሮጊት ያታለልክ፣ ገጽ የደበቅክ ብላ ሰደበችው። እሱም ስሜን አጠፋች ብሎ ከሰሳት፤ ከማኅበሩም አሰረዛት። ሰኞ ዳኛ ፊት ትቀርባለች። ያን ቀን የተሰለፈው ሰው ሁሉ ወረቀቱን ስገልጥ አይቶኛልና፣ እኔ ዝም ካልኩ ውሸታም የምትባለው እሷ ናት።

ስለዚህ ሰኞ ሄጄ እናገራለሁ። ገጹ ተሰጥቶኝ ነበር፣ ያላነበብኩት እኔ ነኝ፣ የዋሸኋትም እኔ ነኝ እላለሁ። እሷ ትድናለች፤ ቤቱ ግን በእኔ ፊርማ ይሄዳል።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል፤ እሱም አንተ ነህ። ፍርድ ቤቱ በር ላይ የሚቀመጠው ማመልከቻ ጸሐፊ እንደነገረኝ፣ ቤቱ የሁለት ወራሽ ስለሆነ አንተ ካልፈረምክ የእኔ ፊርማ ብቻውን አያስወስደውም። ነገ ኑም ይህን ስለነቃ ወረቀት ይልክልሃል፤ ለወጣቶች ልማት ምናምን ብሎ አሳምሮ ይጽፍልሃል። አትፈርም። ወንድምሽ ካልፈረመ የመጪው ዓመት በጀት ለልጆቹ ይቀራል ብሎ ዝቶብኛል። ይቅር፤ ኮፍያ እንደሆነ ሞልቷቸዋል።

ለአባባ ቀብር አልደረስክም። ያኔ አልወቅስህም ብዬ ያስጻፍኩት ውሸቴን ነው፤ ወቅሼሃለሁ፣ እስከ ዛሬም እወቅስሃለሁ። ለዚህ ግን ድረስልኝ። ባሕር ተሻገር አላልኩህም፤ እጅህን ሰብስበህ ተቀመጥ ነው ያልኩህ።

ምራታችንን ሳምልኝ፤ የላከችው ሹራብ ልክ ሆኖኛል። ትልቁን ልጅህን አክስትህ ፎቶህን አይታ ቀጥነሃል ብላለች በለው። ትንሿን ጉንጯን ሳምልኝ። ለምራታችን እናት ዓይንዎን ያበርታልዎት ብላለች በልልኝ። አናጢው ሰላም ብሎሃል። ምስማርም ደብዳቤ ስጽፍ ባየችኝ ቁጥር ለወንድምዎ ሰላም በሉልኝ ትለኝ ነበር። ዛሬ የእሷን ሰላምታ አልጽፍልህም፤ ከሰኞ በኋላ እኔን ራሴን ሰላም ትለኝ እንደሆነ አላውቅም።

ታላቅ እህትህ
ከአባባ ቤት፣ ሐምሌ 3 ቀን፣ ዓርብ