የዓፊያን ልቅሶ ከተማ ስላዞረው የታክሲ ካሜራ

ለክቡር የታክሲ ካሜራ ተቆጣጣሪ ቢሮ ኃላፊ
ከሚሴ

አሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላህ። ጤናዎ እንዴት ነው? ቤተሰቡስ? ዓይንዎን አላህ ይጠብቅልዎት፤ የሰው ገመና ሲያዩ መዋል መቼም ያደክማል። እኔ ከጉልበቴ በቀር አልሀምዱሊላህ ደህና ነኝ።

አምና በየሚኒባሱ ካሜራ ይሰቀል ሲባል ሾፌሮቹ አሻፈረን ቢሉ፣ እርስዎ ራስዎ ቤቴ ድረስ መጥተው «አባ ጀይሉ፣ ሾፌሮቹ እርስዎን ይሰማሉ፤ ሌባ ካልተፈለገ በቀር ምስሉን ማንም አይከፍተውም» አሉኝ። አመንኩ። መነኸሪያ ቆሜ ለመንኩልዎ፣ ዱዓም አደረግኩ። ስለዚህ ምስጋናዬ በተራ ቁጥር እነሆ፦

1. የጎረቤቴ የሙሚና ቅቤ ከነቅሉ ታክሲ ውስጥ ሲሰረቅ ካሜራው «አልቀዳም» ተባለ። ሌባም ገመና እንዳለው ስላስታወሳችሁን እናመሰግናለን።

2. የልጅ ልጄ ዓፊያ ከባሏ ከሙኒር ተጣልታ ባቲ አክስቷ ዘንድ ከርማ ነበር። ላስታርቃት ሄጄ ይዣት ስመለስ፣ ሽማግሌ ባልና ሚስትን ከማገናኘቱ በፊት ለየብቻ ይሰማ የለ፣ ከሚኒባሱ የኋላ ወንበር ሆነን «የሆድሽን ንገሪኝ» አልኳት። ቀና ብላ «አባባ፣ ይሄስ ካሜራ?» አለች። «እሱ የሌባ ነው፣ አንቺን ምን አገባው» አልኳት። በሹክሹክታ ነገረችኝ፤ አለቀሰችም። በሦስተኛው ቀን ያ ልቅሶ ከቢሮዎ ወጥቶ፣ በየስልኩ ዞሮ፣ ከነድምፁ ሙኒር እጅ ገባ። ዕርቁ ፈረሰ። ስለ ጥራቱ እናመሰግናለን፤ አንዲት ዕንባ አላመለጠችውም።

3. አቤት ልል ስመጣ ጸሐፊዎ «መመሪያው ገና ረቂቅ ነው» አለችኝ። እኛ ዘንድ እንኳ ኒካሑ ይቀድማል፣ ልጅ ይከተላል።

እንግዲህ ምስሉን ማን እንደሚያይ፣ ስንት ቀን እንደሚቆይ ይጻፍልን፤ ድምፅ አይቀዳ፤ ያወጣውም ሠራተኛ ይጠየቅ። ከሁሉ በፊት ግን ቤቴ ይምጡና ዓፊያን አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ ይበሏት። እኔ ብያት ነበር፤ ፊቷን አዞረችብኝ። ስሟን እዚህ የጻፍኩትም በእናቷ በኩል አስጠይቄ፣ ፈቅዳልኝ ነው። መጠየቅ ይቻላል ለማለት ያህል።

ቃልዎን አምኖ የገዛ የልጅ ልጁን ሆድ ለከተማ የዘረገፈው፣
አክባሪዎ ጀይሉ እንድሪስ

ማስታወሻ፦ ለወንድ ልጅዎ የሙሀመድኑርን ልጅ እንድጠይቅልዎ የላኩብኝ መልእክት ደርሶኛል። ሽምግልናውን በደስታ እቀበላለሁ። የምንጠይቀው ግን ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጠን ነው፤ እምቢ ካሉ እኔ መጥቼ ልነግርዎ አልደክምም፣ ከጎረቤትዎ ስልክ ያዩታል።