ለእንኳየሁ፣ ሞምባሳ ከመሄዴ በፊት

ጎንደር፣ ቁስቋም ሠፈር
ግንቦት ፲፬ ቀን ፲፱፻፵፱ ዓ.ም.

ለባለቤቴ ለእንኳየሁ፣ ዛሪማ ትድረስ።

እንዴት ከረምሽ? እኔ፣ ቤቱ ያላንቺ ከመስፋቱ በቀር፣ ሸጋ ነኝ።

አስቀድመሽ ይህን እወቂ። ይህን ደብዳቤ የጻፈው ደብተራ አይደለም፤ እኔው ነኝ። የማታ ትምህርቴን ባለፈው ወር ጨረስሁ። ከሠላሳ አንድ ሰው ሁለተኛ ወጣሁ፤ አንደኛው ዲያቆን ስለሆነ አይቆጠርም።

አሁን ወደ ትልቁ ወሬ ልግባ። የማገለግለው የውጭ አገሩ ዶክተር በሐምሌ ለዕረፍት ሞምባሳ ይሄዳል፤ እኔንም ሊወስደኝ ነው። ሞምባሳ በኬንያ አገር በባሕሩ ጠረፍ ያለች፣ ትናንት እንደ ሰማሁት ዓመቱን ሙሉ የምትሞቅ ከተማ ናት። ሙዝ ከአጥር ላይ ይቆረጣል አሉ። የሚሄደው ጎልፍ ለመጫወት ነው። ጎልፍ ማለት ትንሽ ነጭ ኳስ በዱላ እየመቱ፣ ሜዳ ለሜዳ ተከትለው ከጉድጓድ የሚከቱበት ጨዋታ ነው። እዚህ ለጨዋታው የተሠራ ሜዳ የለም፤ ዶክተሩ በአዘዞ መንገድ፣ ከብት በሚግጥበት መስክ ላይ፣ ሦስት ጉድጓድ አስቆፍሮ ይለማመዳል። ለጎልፍ ብሎ አገር ሲሻገር የመጀመሪያው ስለሆነ እንቅልፍ ያጣው ከእኔ ይልቅ እሱ ነው።

የእኔ ሥራ የዱላውን ቦርሳ መሸከም ነው። አሥራ ሁለት ዱላ አለበት። እኔ በደጋው አገሬ በኮሶዬ፣ በገና ጨዋታ በአንድ ዱላ ስንቱን ጎረምሳ እንዳስለቀስሁ መቼም ታውቂያለሽ።

በመጀመሪያው ቀን ዶክተሩ ከአንድ እንግዳ መሐንዲስ ጋር ገጠመ። የመሐንዲሱ ኳስ እየተንከባለለ ወደ ጉድጓዱ ቀረበ። ጌታዬ ሲሸነፍ ቆሜ ልይ? ከቦርሳው አንድ ዱላ መዝዤ ሮጥሁና ኳሱን ወደ መጣበት፣ ከላሞቹ ወዲያ አሻገርሁት። መሐንዲሱ በርበሬ መሰለ። እኔም «በገና ጌታ አይቆጣም» ብዬ እጅ ነሣሁ። ዶክተሩ ሣሩ ላይ ተቀምጦ እንባው እስኪፈስ ሳቀ።

ኋላ በዚያች በተሰባበረች አማርኛው፣ «አድማሴ፣ የሰው ኳስ አይነካም። ሁሉም የራሱን ብቻ ይመታል» አለኝ።

«ታዲያ ምነው ሁለት ሆናችሁ ትሄዳላችሁ?»

«ብቻ መሄድ ደስ አይልም» አለኝ።

እንዲህ ያለ ወገን ያለው ሰው አይሸነፍም ብሎ ነው መሰለኝ የሚወስደኝ።

ጉዞው ገና በሐምሌ ቢሆንም ቸኩዬ ትናንት ስንቄን ስሸክፍ ወጥ ቤቷ ውዴ መጣች። አንድ ስልቻ በሶና ሁለት ጋቢ አዘጋጅቻለሁ።

«አያ አድማሴ፣ ጋቢው ለማን ነው?»

«ለእኔ ነዋ። ሐምሌ አይደለም እንዴ? በሐምሌ ኮሶዬ ላይ ያለ ጋቢ የሚያድር ማን አለ?»

«እዚያ ሰው በላቡ ነው አሉ የሚታጠብ። ጋቢህን ዓሣ ልታጠምድበት ነው?» ብላ ሳቀች። ቀጥላም ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ «ቆላ ካማረህስ ዛሪማ ቅርብ ነበር» አለችኝ።

ስልቻውን ማሰር አቃተኝ።

አባ ወልደ ዮሐንስ፣ ደብዳቤውን የሚያነቡላት እርስዎ አጎቷ ነዎትና፣ ከዚህ በኋላ ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉልኝ።

እንኳየሁ፣ በጥቅምት በእናትሽ ለቅሶ ላይ «ከአማቾቹ ሁሉ የአባ በቅሎ አብልጣ አለቀሰች» ብዬ ሰው አሳቅሁ። አንቺ ከነጠላሽ ሥር ቀና ብለሽ አየሽኝ። እኔ ወደ ጎንደር ስመለስ አንቺ እዚያው ዛሪማ ቀረሽ። በሰልስቱ ትመጣለች አልሁ፣ በአርባው ትመጣለች አልሁ፤ ይኸው ሰባት ወር ሞላ። እናትሽ እኮ፣ እናቴን በልጅነቴ አጥቼ፣ «ልጄ» ያሉኝ እሳቸው ብቻ ነበሩ። ያን ዕለት አፌን ለቀልድ ባልከፍተው ለእሪታ ይከፈት ነበር። በወንዶቹ ፊት ማልቀስ አፈርሁ። ለቅሶዬ ቀልድ ሆኖ አረፈው። ይቅር በይኝ። አባም በበቅሎዎ ስለቀለድሁ ይቅር ይበሉኝ።

ምነው ሽማግሌ አልላክህም ትይኝ ይሆናል። ሽማግሌ ቢናገርልኝ እኔ ከኋላ ሆኜ መቀለዴ አይቀርም። ፊደል የቆጠርሁት ለዚሁ ነው።

አሁን ያለሁበትን ልንገርሽ። ለጉዞው የሚሞላ ወረቀት ሰጡኝ። ስም፣ የአባት ስም፣ የትውልድ ቦታ፣ ሁሉንም ራሴ አንብቤ ራሴ ሞላሁ። «የሚስት ስም» ከሚለው ስደርስ እጄ ቆመ። መጻፉ አቅቶኝ አይደለም፤ ከራሴ ስም ቀጥሎ የተማርሁት ያንቺን ነው። ሳትፈቅጂ መጻፉን ፈራሁ። ዶክተሩንም ቀለም አለቀብኝ ብዬ ዋሸሁት።

ወረቀቱ ሰኞ ይገባል። ይህን የሚያደርስልሽ የጭነት ማኪናው ሾፌር ክንዴ ቅዳሜ ይመለሳል። አንድ ቃል ስጪው። «ይጻፈኝ» ካልሽ እጽፍሻለሁ። «ይተወው» ካልሽ መስመሩ ባዶውን ይሄዳል፤ የሌላ ስም አይገባበትም። «ይምጣ» ካልሽ ግን ወረቀቱን ለዶክተሩ መልሼለት እሑድ በእግሬም ቢሆን እነሣለሁ። ቦርሳ ተሸካሚ ጎንደር ሞልቷል።

የእናትሽን ነፍስ በአብርሃም አጠገብ ያኑርልን። አንቺንም ከቆላ ንዳድ ይጠብቅልኝ።

ያንቺው አድማሴ ማሩ