የባምላኩ ቡችላ ምን ይብላ?

ቡሬ፣ መጋቢት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ ባለቤቴ ለአምለሰት፣
አዲስ አበባ

ከእህትሽ ቤተሰብ ጋር እንደምን ከርመሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ። ስልክ ብደውል አታነሺም፤ ብታነሺም ኔትወርኩ ሃሎ ሳንባባል ይቆረጣል። ስለዚህ ይህን በአውቶቡስ ሹፌሩ በንጋት እጅ ልኬልሻለሁ። መንገዱ ክፍት ከሆነለት ይደርስሻል። ወቀሳ አይደለም፣ አትፍሪ። የምጽፍልሽ ስለ አንድ ቡችላ ነው።

አውቃለሁ፣ «ይሄ ሰውዬ ለየለት» ትያለሽ። ልጃችን በደምበጫ መንገድ በተኩስ መሀል ከመቅረቱ በፊት፣ ባሕር ዳር አብሮት የእንስሳት ሕክምና ይማር ለነበረው ለወንዳወቅ አንድ ነገር ነግሮት ኖሯል። ላብራዶር የሚባል የፈረንጅ ውሻ ቡችላ እንዲያስቀምጥለት። አንቺ ከአርባው በኋላ ሻንጣሽን ይዘሽ ሄድሽ፤ ጥምቀት እንዳለፈ ወንዳወቅ ካርቶን ታቅፎ በራችን ላይ ቆመ። «አባባ፣ ባምላኩ ለእናቴ ነው የምወስደው ብሎኝ ነበር። ለሌላ ሰው መስጠት አልሆንልህ አለኝ» አለኝና አለቀሰ። እንግዲህ ቡችላው ያንቺ ነው። እኔ አደራ ጠባቂ ነኝ።

መልኩ የደረሰ ስንዴ ይመስላል። ጆሮው ወደ ታች የወደቀ፣ መዳፉ ከሰውነቱ የበለጠ፣ ጫማ የሚሰርቅ ሌባ ነው። የባምላኩን ሸራ ጫማ አንዱን በልቶታል። ልመታው ተነሳሁና ተውኩት፤ ጫማውን የሚፈልገው ሰው የለም።

ወንዳወቅ ትቶልኝ የሄደው ደረቅ ምግብ ያለቀው ሁዳዴ ሲገባ ነው። ሥጋ ቤቶቹ ተዘጉ። እኔን ደግሞ ታውቂኛለሽ፤ በእኔ ቤት ጾም ከገባ ድመቷም ትጾማለች። እንጀራ በሽሮ ፈትፍቼ አቀረብኩለት። ይህ ዘር ጠገብኩ ማለት አያውቅም፣ ሳህኑን ላሰው። ጎበዝ ክርስቲያን ብዬ አሞገስኩት። ብዙም ሳይቆይ ድዱ ነጣ፣ ሽንቱ ጠቆረ፣ መነሳት አቃተው። ደግነቱ በዚያ ቀን ስልክ ሠራልኝና ለወንዳወቅ ያበላሁትን ነገርኩት።

«አባባ፣ ሽሮው ሽንኩርት አለው እንዴ?» አለኝ ወንዳወቅ።

«ሽንኩርት የሌለው ሽሮ የት አገር አይተህ ታውቃለህ?»

«ኧረ በማርያም! ቀዩም ነጩም ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው፤ ደሙን ነው የሚጨርሰው። ዛሬውኑ ያቁሙ!»

ያን ዕለት አለቀስኩ፣ አምለሰት። በልጃችን ቀብር ላይ ያላወጣሁትን ለቅሶ ወለሉ ላይ ተቀምጬ፣ ቡችላውን ጭኔ ላይ አድርጌ አወጣሁት። እሱንም ልገድለው ነው ብዬ ነው።

ከዚያ ወዲህ እንቁላል እቀቅልለታለሁ፤ በሩዝና በዱባ፣ ያለ ጨው፣ ያለ በርበሬ። ቀስ በቀስ ነፍስ ዘራ። በሁዳዴ እንቁላል የሚገዛ ሽማግሌ ደግሞ በቡሬ ገበያ እንዴት እንደሚታይ አስቢው። ጎረቤታችን እንቁ ቅርፊቱን አየች፤ ወሬው የንስሐ አባታችን አባ ሀብተሚካኤል ዘንድ ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም። መጡና ተቀመጡ።

«ተስፋው፣ በአርባ ጾም እንቁላል ቀቀልክ የሚባለው እውነት ነው?»

«ቀቅያለሁ አባ። የበላው ግን ያ ነው» ብዬ አሳየኋቸው። እሱም ቀሚሳቸውን ሊበላ ደረሰ።

ውሻውን ትተው እኔን ብዙ አዩኝ። «እውነትህን ነው፤ እንቁላል የሚበላ ሰውማ እንዲህ አይከሳም» አሉ። ከዚያ ጾሙን ፈቱልኝ። ወተት ጠጣ፣ ለበሽተኛ ተፈቅዷል አሉኝ። እሺ አልኳቸው። ወተቱም ቢሆን እንደ ውሃው ጉሮሮዬ ላይ እየቆመ ነው የሚመለሰው፤ ይህን አልነገርኳቸውም። አንቺም አታስቢ፣ የጉሮሮ ነገር ነው። ፍኖተ ሰላም ሄጄ ታይቻለሁ። ሐኪሙ ወረቀት ጽፎ ፈጥነህ አዲስ አበባ ሂድ አለኝ። ቡችላውን ለማን ትቼ? መንገዱስ በየት በኩል? ደግሞ የሐኪሙን ፊት አይቼዋለሁ፤ ብሄድም ባልሄድም ለውጥ ያለው ነገር አልመሰለኝም።

ስለዚህ የምልሽን በደንብ ያዢ። እዚያ አዲስ አበባ በከረጢት የሚሸጠውን ደረቅ ምግብ ፈልጊ። ለትልቅ ዝርያ ቡችላ የሚለውን እንጂ ለአዋቂ ውሻ የሚለውን አይደለም። ይህ ውሻ ቶሎ እንዲያድግ አይፈለግም፤ አጥንቱ ሳይጠና ሰውነቱ ከከበደ እግሩ ይበላሻል ብሎኛል ወንዳወቅ። እንቁላልና ሩዝ ብቻውን አያቆየውም፤ እኔ ሌላ ስላጣሁ ነው። ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ስጪው፣ ግን ልክ ይኑረው። ከበላም በኋላ እንዳልበላ ሆኖ ዓይንሽን ያያል፣ አትታለዪ። እኔ እየታለልኩ ነው።

በፋሲካ ዶሮ ስትሠሪ አጥንቱን እንዳትሰጪው፤ እየተሰነጠቀ አንጀቱን ይወጋዋል። ወጡንም አታቅምሺው። ሥጋ ቤት ሲከፈት ቀይ ሥጋ ቀቅለሽ አቀዝቅዢለት። መጀመሪያ ቀን ሲያይሽ ይጮህብሽ ይሆናል። የባምላኩን ጋቢ ደርበሽ ግቢ፣ የሚተኛው እሱ ላይ ስለሆነ ሽታውን ያውቀዋል።

ጋቢው እንቁ ቤት ይሆናል፤ ውሻውንም ቁልፉንም የምትረከቢው ከእሷ ነው፤ ነግሬያታለሁ። ብቻ ከፋሲካ አታሳልፊው፤ እሷም የልጆች እናት ናት፣ ሽሮ ነው የምትሰጠው።

የልጃችንን ነፍስ በአብርሃም እቅፍ ያኑርልን። አንቺንም መንገዱን አቅንቶ፣ በደህና ከቤትሽ ያግባሽ።

ባለቤትሽ ተስፋው